ሻጋታን ማን ዳኛ አደረገው? «የሚበላሽ ብቻ ብሉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ለእኔም ከአንድ በላይ ወዳጅ ልኮልኛል። «የሚበላሽ ብቻ ብሉ» ይላል። ሐሳቡ አጭር ነው። ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ጥሩ ነው፤ ሳይበላሽ የሚቆይ ምግብ መርዝ ነው። ሻጋታና ባክቴሪያ ያልፈለጉትን ሰው ምን ብሎ ይበላል ነው ነገሩ። ከዚያ ስድስት ነጥቦች ይደረድራል። መጀመሪያ የማይሻግተው በርገር፣ ቀጥሎ ስማቸው ለማንበብ የሚያስቸግር ኬሚካሎች፣ ከዚያ «ሙት» የተባሉት የቆርቆሮና የፍሪዘር ምግቦች። አያቶቻችን ትኩስ ብቻ ይበሉ ነበር ይላል፤ ትኩስ ምግብ አያሳምምም ብሎም ያረጋግጣል። በመጨረሻ ጓዳችሁን ዛሬውኑ ባዶ አድርጉ ብሎ ያዛል።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። ከመድረሻቸው ጋርም ብዙ ጠብ የለኝም። ሰው ፓኬት ከሚቀድ አትክልት ቢከትፍ ይሻለዋል። ጠቤ ከመለኪያው ጋር ነው። «ስንት ቀን ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ስለ ምግቡ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። «በምን ቆየ?» ብለን ስንጠይቅ ነው ነገሩ የሚወጣው። ማር በምን ቆየ? ምስርስ? ቋሊማስ? የሦስቱም መልስ የተለያየ ነው። ጸሐፊው ግን ሦስቱንም በአንድ ሚዛን አስቀምጠዋቸዋል።

ከበርገሩ እንጀምር፤ ሰዉን ያስደነገጠው እሱ ነውና።

ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ከታወቀ ድርጅት የተገዛ በርገር መደርደሪያ ላይ ወራት ተቀምጦ ሻጋታ ዝር አላለበትም። «ሻጋታ እንኳ የናቀው ምግብ» ብለውታል። ይህ ወሬ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ አሜሪካዊ የምግብ ጸሐፊ ነገሩን ራሱ ፈትኖታል። የተገዛውን በርገር አስቀመጠ፤ በጎኑ ደግሞ ምንም ማቆያ ኬሚካል የሌለው፣ በመጠን ከሱ ጋር እኩል የሆነ በርገር ቤቱ ሠርቶ አስቀመጠ። ሁለቱም ደረቁ። ሁለቱም አልሻገቱም። ላስቲክ ውስጥ የታሸገው ግን ሻገተ።

ምስጢሩ ውሃ ነው። ስስ የተፈጨ ሥጋ የጋለ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ብዙ ውሃውን ያጣል። ከዚያ ክፍት አየር ላይ ሲቀመጥ ሻጋታው ሥር ሳይሰድ ቀድሞ ይደርቃል። ዳቦውም እንደዚያው። ላስቲክ ውስጥ ሲገባ ርጥበቱ መውጫ ያጣና ሻጋታው እንደልቡ ይሆናል። የምግብ ሳይንስ ሰዎች ባክቴሪያና ሻጋታ ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ነጻ ውሃ በቁጥር ይለኩታል። ንጹሕ ውሃ 1 ነው። ምግቡ ውስጥ ያለው ነጻ ውሃ ከ0.91 በታች ሲወርድ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች መራባት ያቆማሉ። ሻጋታ ከዚያም ዝቅ ብሎ መኖር ይችላል። ከ0.6 በታች ግን የሚራባ የለም።

እዚህ ቁጥር አካባቢ የምናገኘው ማንን ነው? ደረቅ ሩዝ። ዱቄት። ምስርና ባቄላ። ማርም ወደዚሁ ይጠጋል፤ ውሃው ከመቶ 17 ወይም 18 ያህል ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ አሲዳማ ነው። በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን ምስርና ማር ከቺፕስ ጋር አንድ ረድፍ ላይ ሊሰለፉ ነው። እሳቸውም ይህን የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ለመሆኑ ሻጋታን ማን ዳኛ አደረገው? ሻጋታ ርጥብ ግድግዳ ላይ ይበቅላል። ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ የቆዳ ጫማ ላይም ይበቅላል። ሻጋታ ወደደው ብለን ጫማ አንበላም። ለውዝና በቆሎ ላይ ከሚወጡት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታሉ። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ በማብሰልም በቀላሉ አይጠፋም። ሳይንስ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ተርኪ የሚባሉ ዶሮ መሰል ትልልቅ ወፎች ከ100,000 በላይ ካለቁ በኋላ ነው። ምክንያቱ የሻገተ የለውዝ መኖ ነበር። ለውዙ ተፈጥሯዊ ነበር፤ ሻጋታውም ወዶታል።

ስማቸው ለማንበብ ስለሚያስቸግር ኬሚካሎች ብዙ አልልም። «ስሙን ማንበብ ካቃተህ አትብላው» የሚለው ምክር ለጆሮ ይጥማል። ግን ማሸጊያ ላይ ኢ300 ተብሎ የሚጻፈው አስኮርቢክ አሲድ ቫይታሚን ሲ ነው። ኢ260 ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያደርገው አሴቲክ አሲድ ነው። ዳቦ እንዳይሻግት የሚጨመረው ካልሲየም ፕሮፒዮኔት የፕሮፒዮኒክ አሲድ ጨው ነው፤ አሲዱን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አይብ ውስጥ ባክቴሪያዎች በራሳቸው ይሠሩታል። «ስኳር» የሚለውን ቃል ግን የአንደኛ ክፍል ተማሪም ያነበዋል። «ጨው» የሚለውንም እንዲሁ። በብዛት ሲበሉ ጉዳታቸው በደንብ የታወቀው እነዚህ ለማንበብ የቀለሉት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች እንዲወስድ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ይህን ስል ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ ነው ማለቴ አይደለም። ሰዎች ማቆያ ኬሚካልን የሚጠረጥሩበት ታሪክ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነጋዴዎች ወተት እንዳይበላሽ ፎርማሊን ይጨምሩበት ነበር፤ ሬሳ የሚያቆዩበትን ማለት ነው። ሥጋ ላይ ለጽዳት የሚያገለግለው ቦራክስ የሚባል ዱቄት ይነሰነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ሃርቪ ዋይሊ የተባለ የመንግሥት ኬሚስት ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ሰብስቦ እነዚህን ነገሮች ከምግባቸው ጋር እየሰጠ ምን እንደሚሆኑ መዘገበ። ታመሙ። እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው የምግብና የመድኃኒት ንጽሕና ሕግ እንዲጸድቅ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ያ ወተት የተሸጠው ግን «ትኩስ» ተብሎ ነው። ወተቱን ከፎርማሊን ያላቀቁት ፓስተራይዜሽን (ወተቱን አሙቆ ጀርሙን መግደል)፣ ማቀዝቀዣና የሕግ ቁጥጥር ናቸው። ቶሎ የሚበላሽ ወተት ይሻላል የሚል ስብከት አልነበረም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት ምክር ያለው እዚህ ነው። የቆርቆሮም የፍሪዘርም ምግብ በማቆያ የታጨቀ፣ ንጥረ ነገሩ የሞተ ነው ብለዋል።

ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ነው። የቆርቆሮ ምግብን የሚያቆየው ሙቀት ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምራል፣ በቡሽ ይገጥማል፣ ከነጠርሙሱ በፈላ ውሃ ይቀቅላል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1810 ከመንግሥት 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ በቆርቆሮ ለማሸግ የፈጠራ መብት ተሰጠ። አፔር ዘዴው ለምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር። ምግብን የሚያበላሹት ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን ሉዊ ፓስተር ያሳየው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬም መርሁ ያው ነው። ባቄላው ከነውሃው ይታሸግና ከነቆርቆሮው እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ ይሞቃል። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚደበቅበት ጠንካራ ስፖር እንኳ ይህን ሙቀት አይችለውም። ውስጥ የነበረው ሞቷል፤ ከውጭ የሚገባ የለም። ታዲያ ማቆያ ኬሚካሉ ማንን ሊከላከል ይጨመራል?

ጨው ግን ይጨመርበታል። ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ ጸሐፊው ግን አላነሱትም። መፍትሔው ቀላል ነው። ባቄላውን ወንፊት ላይ ገልብጡትና የቧንቧ ውሃ ልቀቁበት። መጀመሪያ ወፈር ያለ፣ አረፋ የሚሠራ ውሃ ይወርዳል። ውሃው እስኪጠራ አለቅልቁት። በዚህ ብቻ ሶዲየሙ ወደ 40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ወደ ፍሪዘሩ እንምጣ። አንድ እቅፍ ስፒናች ገዝታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጣችሁ እንበል። በመጀመሪያው ቀን አገዳው ሲሰበር ቀጭ ይላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ይልመሰመሳል። ሳምንት ሲሞላው ጠርዙ ቢጫ ይሆናል፤ ላስቲኩ ሥር ጠቆር ያለ አረንጓዴ ውሃ ይጠራቀማል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቅጠሉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፤ የያዘውን ስኳር እያቃጠለ ነው የሚቆየው። ቫይታሚኑም አብሮ ይሳሳል። የስፒናች ቫይታሚን ሲ ፍሪጅ ውስጥም ሆኖ በሳምንት ጊዜ ከግማሽ በላይ ይጠፋል። የፍሪዘሩ ስፒናች ግን ከማሳ እንደመጣ በፈላ ውሃ ለአፍታ ተነክሮ ነው የሚቀዘቅዘው። ሲነከር የተወሰነ ቫይታሚን ያጣል። ከዚያ በኋላ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ኪሳራው በጣም ይዘገያል።

ዛሬ ተቆርጦ ዛሬ የሚበላ ስፒናች አንደኛ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት የከረመው ግን «ትኩስ» ስለተባለ ብቻ ከፍሪዘሩ አይበልጥም። ቲማቲምም ቢሆን ሲበስል ላይኮፒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት በቀላሉ ያገኘዋል፤ ስለዚህ የቆርቆሮ ቲማቲም በዚህ በኩል ጥሬውን ያስከነዳል።

ደግሞስ ትኩስ የምንለው ሁሉ ትኩስ ነው? ፖም የሚለቀመው በዓመት አንድ ወቅት ነው። መደርደሪያ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። እንዴት? አየር የማያስገባ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ይከተታል። ከዚያ የአየሩ ኦክስጅን ከ21 በመቶ ወደ 1 ወይም 3 በመቶ ይወርዳል። ፖሙ ትንፋሹ ይዘገያል፣ መብሰሉም ይዘገያል። አንዳንዱ ዝርያ እንዲህ ሆኖ ከ10 ወር ያላነሰ ይቆያል። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም፤ ፖሙ ፖም ነው። «ቆይቷልና ሙት ነው» ለሚል ሰው ግን ትንሽ ያስቸግራል።

የባሰም ነበር። ሰላጣ እንዳይጠቁር ሰልፋይት የሚባል ማቆያ ኬሚካል ይረጩበት የነበረበት ዘመን አለ። አስም ያለባቸው ሰዎች ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1986 በጥሬያቸው የሚበሉ አትክልትና ፍራፍሬዎች ላይ ሰልፋይት ማድረግን ከለከለ። ማቆያው የነበረው ፓኬት ውስጥ አልነበረም። ጠዋት የተቀነጠሰ በሚመስለው ቅጠል ላይ ነበር። የደረቁ ፍራፍሬዎች ላይ ዛሬም አለ፤ አስም ያለበት ሰው ዝርዝሩን ሳያነብ ባይገዛ ይሻለዋል።

አያቶቻችን ትኩስ ብቻ ይበሉ ነበር ለሚለው፣ የማን አያቶች ብዬ ልጠይቅ? ፍሪጅ በየቤቱ መግባት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የሰው ልጅ ከአዝመራ እስከ አዝመራ የሚደርሰው ባቆየው ምግብ ነበር። ያደርቃል፣ ያጨሳል፣ ጨው ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ ያብላላል። አይብ ራሱ ወተት የማቆያ ዘዴ ነው። ፖላንድ ውስጥ 7,000 ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ ቀዳዳ ያላቸው ሸክላዎች ላይ የወተት ስብ ቅሪት ተገኝቷል፤ አይብ ያጠሉባቸው ነበር ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ትኩስ መብላት የቻለ ትውልድ ካለ እኛ ነን። እሱም የሆነልን በማቀዝቀዣና በመኪና ነው።

የድሮው ማቆያ ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለትም አይቻልም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ከሚገድሉ ካንሰሮች ግንባር ቀደሙ የጨጓራ ካንሰር ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ወረደ፣ ወረደ። ተመራማሪዎች ሁለት ዋና ምክንያት ይሰጣሉ። አንዱ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ መቀነሱ ነው። ሌላው ፍሪጅ በመምጣቱ ሰዎች በጨውና በጭስ የቆየ ምግብ ቀንሰው አትክልትና ፍራፍሬ መጨመራቸው ነው። እዚህ ላይ ለትኩስ ምግብ የሚከራከር ሰው ወርቅ የሆነ ማስረጃ ነበረው። ጸሐፊው አያቶችን ሲያሞግሱ ረግጠውት አለፉ። ማመስገን የነበረባቸው ፍሪጁን ነበር።

አምስተኛውን ነጥብ ሳነብ እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። «ትኩስ ምግብ አያሳምምም፤ የሚያሳምመው የታሸገው ነው» ብለው አፋቸውን ሞልተው ጽፈዋል። ይህን አምኖ ያልታጠበ ቅጠል ለሕፃን የሚሰጥ ሰው ሊኖር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች በኢ ኮላይ ባክቴሪያ ታመሙ። ከ50 በላይ ሞቱ፤ ብዙዎቹ ኩላሊታቸው ተጎዳ። ጣት መጀመሪያ የተቀሰረው ዱባ መሰሉ ኪያር ላይ ነበር፤ ገበሬዎች ያለ ጥፋታቸው ከሰሩ። በመጨረሻ ምንጩ ተገኘ። የአብሽ ቡቃያ ነበር። ገና የበቀለ፣ በጥሬው የሚበላ፣ ማቆያ ያልነካው ቡቃያ። ጎመን በጤና የሚለውን አባባል የሚወድ ሰው ያለ ስጋት የሚያነሳው ዓይነት ምግብ ነው። ቡቃያ የሚበቅልበት ሙቀትና ርጥበት ለባክቴሪያውም ተስማሚ ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል። በተለይ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ካንታሎፕ በሚባል ሐብሐብ መሰል ፍሬ የተነሳ 33 ሰዎች ገድሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በዓለም ዙሪያ በዓመት 600 ሚሊዮን ሰው በተበከለ ምግብ ይታመማል፣ 420,000 ይሞታል። ከሟቾቹ 125,000 ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ አትክልት አትብሉ ልል ነው? በፍጹም። እጠቡ፣ ጥሬ ሥጋ ከነካው መክተፊያ አርቁ፣ የሚበስለውን በደንብ አብስሉ፣ የሚቀዘቅዘውን ቶሎ አቀዝቅዙ። ለሚበላሽ ምግብ ጥንቃቄው ይበልጣል። ማርም ቢሆን፣ ያ የማይበላሸው ማር፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ የቦቱሊዝም ስፖር ሊኖርበት ይችላል።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ልምጣ። የሚገርመው፣ ልክ የሆኑበትን ቦታ ራሳቸው አልፈውታል።

በሥጋ እንጀምር። ቋሊማና መሰሎቹ ውስጥ የሚገባው ሶዲየም ናይትራይት፣ ኢ250፣ የቦቱሊዝም ባክቴሪያን ይከላከላል፤ ሥጋውንም ሮዝ ያደርገዋል። ችግሩ ከሥጋው ፕሮቲን ከሚወጡ ነገሮች ጋር ተገናኝቶ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ካንሰር አምጪ ውህዶች መሥራቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀነባበረ ሥጋ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ደምድሟል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰር ዕድልን በ18 በመቶ ይጨምራል ብሏል። ከትምባሆ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ መግባቱ ግን አደጋው እኩል ነው ማለት አይደለም። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው። ያም ሆኖ በየቀኑ ቋሊማ የሚበላ ሰው ቢቀንስ ይጠቀማል። «ናይትራይት አልጨመርንም» በሚል ማሸጊያም አትታለሉ። ብዙ ጊዜ በቦታው ሰለሪ የሚባለው አትክልት ዱቄት ይገባል፤ የሰለሪው ናይትሬት በባክቴሪያ ተለውጦ ያው ናይትራይት ይሆናል።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ ነበራቸው። በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት። ፈሳሽ ዘይት ቶሎ ይሸታል፤ ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ይረጋል፣ ብስኩቱም መደርደሪያ ላይ ለወራት ይቆያል። ፋብሪካዎች ከወደዱለት ምክንያት አንዱ ይኸው ነበር። ውስጡ የሚፈጠረው ትራንስ ፋት የሚባል የስብ ዓይነት ግን ልብን ይጎዳል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 ገደብ ጣለችበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ደኅንነቱ የተረጋገጠ አይደለም አለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከዓለም የምግብ አቅርቦት እንዲወጣ ጥሪ አቀረበ። ለረጅም ዕድሜ ተብሎ ምግብ የተበላሸበት ምሳሌ ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ የለም። ጽሑፉ ውስጥ አንዲት መስመር አላገኘም። ቦታውን የያዘው የደረቀ በርገር ፎቶ ነው።

ከዚያ ደግሞ እጅግ የተቀነባበሩ ምግቦች ጉዳይ አለ። ብራዚላዊው ካርሎስ ሞንቴሮና ባልደረቦቹ ምግብን በአሠራሩ በአራት መድበውታል። የፍሪዘር ስፒናች የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው። የቆርቆሮ ባቄላ ሦስተኛው ውስጥ ነው። ስጋት የበዛበት አራተኛው ነው፤ ለስላሳ መጠጥ፣ ፓኬት ብስኩት፣ ኑድልስ፣ የዶሮ ነጌትስ። ያኔ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪ የነበረው ኬቪን ሆል እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ጥናት 20 ጎልማሶችን ለአራት ሳምንት ተቋሙ ውስጥ አስቀምጦ መገባቸው። ሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረ። የቀረበላቸው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብ፣ በጨውና በፋይበር ተቀራራቢ ነበር። የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። የተቀነባበረው ሲቀርብላቸው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ። በሁለት ሳምንት 0.9 ኪሎ ጨመሩ። ባልተቀነባበረው ያንኑ ያህል ቀነሱ። የመብላት ፍጥነታቸውም የተቀነባበረው ላይ ይበልጥ ነበር።

ይህ ከሻጋታ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። በክሬም የተሞላ ኬክ በሁለት ቀን ይበላሻል፤ በጸሐፊው ፈተና አንደኛ ይወጣል። ደረቅ ምስር ይወድቃል። ሁለት እርጎ ከመደርደሪያ አንስታችሁ ጀርባቸውን አዙሩ። አንዱ ላይ ወተትና የእርጎ ባክቴሪያ ይላል፤ በቃ። ሌላው ላይ ወተት፣ ስኳር፣ የተሻሻለ ስታርች፣ የእንጆሪ ጣዕም፣ ማቅለሚያ እያለ ይቀጥላል። ስኳሩ ሁለተኛ ከተጻፈ ከወተቱ ቀጥሎ የበዛው እሱ ነው፤ ዝርዝሩ የሚደረደረው በክብደት ነውና። የሁለቱም የማብቂያ ቀን ግን ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም እኩል ቅርጫት ውስጥ ይከታቸዋል።

የቀረው ጓዳችሁን ባዶ አድርጉ የሚለው ትእዛዝ ነው። እባካችሁ አታድርጉ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ 60 በመቶው የባከነው ከየቤቱ ነው። ሌሊት ሠርቶ ደክሞት የሚገባ ሰው የቆርቆሮ ባቄላውን ጥሎ ስፒናቹ ፍሪጅ ውስጥ ሲበሰብስበት የሚያዘው ፒዛ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ምስሩም፣ ሩዙም፣ ሳርዲኑም፣ የፍሪዘሩ አተርም ባሉበት ይቆዩ። ቋሊማው ሲያልቅ ቶሎ አትተኩት። ብስኩቱም እንደዚያው።

የምትጥሉት ነገር ከፈለጋችሁ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አንስታችሁ እዩ። ክዳኑ ያበጠ፣ የሚያፈስ ወይም መገጣጠሚያው ላይ ክፉኛ የተጨረመተ ካለ ሳይቀመስ ይጣል። ያበጠው ውስጡ አንድ ነገር ተርፎ ጋዝ እየሠራ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የቦቱሊዝም መርዝ ካለበት ደግሞ ሽታውም ሆነ ጣዕሙ ላያስታውቅ ይችላል።